ሙክት ያወጣች አሻንጉሊት

መሐል ሜዳ ገበያ ዳር ካለው ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ነው። በእጄ ከልጄ ትምህርት ቤት የተላከ ወረቀት ይዣለሁ። እያንዳንዱ ልጅ ለገና በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ይዞ እንዲመጣ ያዛል። ላይኛው መስመር ላይ "እንደ አቅማችሁ" ይልና ከሥሩ "ጥራት ያለው ይሁን" ብሎ ይጨምራል። አቅሜን ማን ጠየቀኝ? ጥራቱንስ ማን ነው የሚመዝነው? አምና የጎረቤቴ ልጅ ደብተርና እርሳስ ጠቅልላ ወስዳ እያለቀሰች ተመለሰች። ዘንድሮ እናቷ ከማን አንሼ ብላ በሪሞት የሚሄድ መኪና ገዝታለች። የእኔዋ ደግሞ ይህን ሰምታ ከዚያ የሚበልጥ መኪና እንዳለ አጣርታ መጥታለች።

ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ቢጫ ጸጉር አሻንጉሊት አውርዶ አፍንጫዬ ሥር አደረገልኝ።

"ይቺ ትሻልሻለች፣ እህቴ። ስታስተኚያት ዓይኗን ትጨፍናለች" አለኝ።

ዓይኗን እንደምትጨፍን ለእኔ ይነግረኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለች አንዲት አሻንጉሊት ቤታችን መጥታ ምን እንዳደረገችን ባለሱቁ ከየት ያውቃል። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ቤታችን ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ሲመጡ ከመኪናው መንገድ ወጣ ብሎ ነው። በእኛ ቤት የገና ስጦታ የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። ገና ሲመጣ ልጅ የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሥጋና ዱላ። ሥጋው የሁላችንም ነው፤ ዱላው የወንድሜ የደምሴ ነው። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት በታኅሣሥ፣ አባባ ለደምሴ የገና ዱላ ይሠራለታል። እኔ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየዋለሁ። እርጥቡን እንጨት ረመጥ ውስጥ ይቀብረዋል። እንጨቱ ሞቆ ላብ ሲያወጣ መዝዞ ጫፉን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ቀስ እያለ ያጎብጠዋል። እንዳይመለስበት በጓሳ ሣር ገመድ ጠፍንጎ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። በሳምንቱ ሲፈታው እንደጎበጠ ይቀራል። ወጪው አንድ እንጨትና የአባት ጉልበት ብቻ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ስጦታ እስከ ዛሬ ሱቅ ውስጥ አላየሁም።

ያን ዓመት ዱላ እኔም ፈለግሁ። ደምሴ አውድማው ላይ በአሮጌው ዱላው ሲለማመድ ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ድቡልቡል፣ እየሮጥኩ የማመጣለት እኔ ነበርኩ። እሱ ይመታል፣ እኔ አመጣለሁ፤ እሱ ይመታል፣ እኔ አመጣለሁ። አንድ ቀን ውሃ ሊጠጣ ሲገባ ዱላውን አንስቼ አንዴ ሰነዘርኩ። ሩሯ አውድማውን አልፋ የጎረቤታችን የገለባ ክምር ውስጥ ገባች። ክንዴ ድረስ የተሰማኝ ደስታ ሌላ ነበር። በማግስቱ ከገደሉ አፋፍ የወይራ ቅርንጫፍ ራሴ መርጬ፣ ራሴ በማጭድ ገዝግዤ፣ እጄን ተቧጭሬ አመጣሁና አባባ እግር ሥር ጣልኩት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ።

"ዱላዬ ነው። አጉብጥልኝ።"

እንጨቱን አገላብጦ አየው። "እንጨቱስ ደኅና እንጨት ነው" አለ። "ሴት ልጅ ገና ስትመታ ግን አይቼ አላውቅም።"

"ዘንድሮ ታያለህ።"

እናቴ ከጓዳ ሳቀች። አባባ አልሳቀም። "የደምሴን ልጨርስና እናያለን" አለ።

"እናያለን" የአዋቂ እምቢታ መሆኑን ያኔ አላውቅም። ቃል የተገባልኝ መስሎኝ ነበር። የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ እንጨት ከደረቀ አይጎብጥም፣ ይሰበራል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣው ጀመር። እናቴ ስታየኝ "ይበቅልልሻል" እያለች ታሾፍብኛለች።

በዚህ መሃል ጋሼ ሞገስ መጣ። ጋሼ ሞገስ የአባባ ታናሽ ወንድም ነው፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ለአባባ ሸሚዝ፣ ለእናቴ ሻሽ፣ ለደምሴ ካልሲ አወጣና በመጨረሻ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በቀይ ሪባን የታሰረ ካርቶን ብድግ አደረገ።

"ይሄ የአስካል የገና ስጦታ ነው። የሚከፈተው የገና ዕለት ነው" ብሎ እኔን እያየ ከልብስ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው።

ነገሩ አልገባኝም። የእኔ ከሆነ ለምን አሁን አይከፈትም? የእኔ ካልሆነስ ለምን አሳዩኝ? አባባ ምን እንዳለበት ሲጠይቀው ጋሼ ሞገስ ጆሮው ላይ አንሾካሾከለት፤ አባባ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ካርቶኑን በዓይኔ ለካሁት። ዱላ አይይዝም። ከዚያ ዱላው ጎባጣ እኮ ነው ብዬ አሰብኩ፤ የከተማ ሰው ደግሞ ሁሉን ነገር ማጠፍ ያውቃል። በዚህ ሁለት ቀን ተጽናናሁ።

በሦስተኛው ቀን አባባ የደምሴን ዱላ ሰቅሎ እጁን አራገፈ። እንጨቴን ይዤ ቀረብኩ።

"አጎትሽ ከአዲስ አበባ ድረስ ስጦታ አምጥቶልሽ የለም እንዴ? ደግሞ ዱላ ምን ያደርግልሻል?" አለኝ።

"ስጦታው ዱላ ነው?"

"ከዱላ የሚበልጥ ነው።"

ይኼው፤ ስጦታ የሚባለው ነገር ቤታችን በገባ በሦስተኛ ቀኑ ዱላዬን በላብኝ። ከዱላ የሚበልጥ ነገር ማን ጠየቀ? እንጨቴን መልሼ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩና ከማገዶው ኋላ ደበቅሁት።

አሁን እማሆይን ላስተዋውቅ። እማሆይ የአባባ አክስት ናቸው። ከመነኮሱ ወዲህ ጓሯችን ባለች ጎጆ ይኖራሉ። ቀኑን በጸሎትና በቤተ ክርስቲያን ስለሚያሳልፉ የቤታችንን ወሬ የሚሰሙት ከሁሉም ኋላ ነው። ያለፈውን ነገር ግን እንደሳቸው የሚያስታውስ የለም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጋሼ ሞገስ ለበዓል መጥቶ ሆዱን ክፉኛ ታሞ ሳለ እሳቸው ፊት ተስሎ ነበር፤ "ባለወልድ ካዳነኝ አንድ ነገር አገባለሁ" ብሎ። ዳነ፣ አዲስ አበባ ሄደ፣ ረሳው። እማሆይ አልረሱም።

ደብራችን ባለወልድ ነው። ስለዚህ ገና ለእኛ የጌታ ልደትም የደብሩ ንግሥም ነው። ታቦቱ ወጥቶ እስኪገባ ድረስ ማንም ቢላዋ አይስልም።

በዋዜማው እማሆይ ጧፍ ሊወስዱ ቤት ገቡና ሣጥኑ ላይ ያለውን ወርቃማ ነገር አዩ። እኛ ሁላችን ውጭ ነበርን። እንዲህ የሚያብረቀርቅ ነገር እኛ አገር የሚገባው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን። እማሆይ ምንም አልተጠራጠሩም። በነጠላቸው ሸፍነው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ለሚጠብቁት ለገበዙ አስረከቡና ደስ ብሏቸው ተመለሱ። እኛ እሳት ዳር ተቀምጠን ነበር።

"ሞገስዬ፣ ባለወልድ ይቀበልህ። አድርሼልሃለሁ" አሉት።

"ምኑን፣ እማሆይ?"

"ስለትህን ነዋ። ለሰው እንኳ ሳትናገር ደብቀህ ያመጣኸውን። እኔ እኮ ረሳው ብዬ በልቤ ስወቅስህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።"

ሁላችንም ሣጥኑን አየን። ጋሼ ሞገስ እውነቱን ቢናገር ስለቱን መብላቱ ሊወጣ ነው፤ ያውም በዋዜማው፣ ያውም ይቅርታ የጠየቁት መነኩሲት ፊት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እማሆይ" አለ በመጨረሻ።

እሳቸው ሲወጡ እናቴ ተነሣችበት። "ሂድና ለገበዙ ንገራቸው።"

"ምን ብዬ? ለባለወልድ የገባውን መልሱልኝ፣ የሕፃን መጫወቻ ነው ልበላቸው?"

"የገባ አይወጣም" አለ አባባ።

እኔ በደስታ ልሞት ነበር። ስጦታው ሄደ ማለት ዱላው ተመለሰ ማለት ነው። እንጨቱ ገና እርጥብ ነው፤ ረመጡም አለ።

"እንግዲያውስ ዱላዬን ሥራልኝ" አልኩ።

ሦስቱም በኀዘኔታ አዩኝ። መከፋቴ እንዳይታወቅብኝ የምቀባጥር መሰላቸው። ጋሼ ሞገስ ራሴን ዳበሰኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እናቴ "የኔ አስተዋይ" አለችኝ። አባባ ደግሞ "ዝም በይ፣ እኔ አውቃለሁ" አለኝ። የዱላውን ነገር እኔ አውቃለሁ ያለ መስሎኝ ተደስቼ ተኛሁ። የሰማኝ ሰው የለም። ሦስት አዋቂ ቁጭ ብሎ አንድ ልጅ በግልጽ አማርኛ የሚናገረውን እንዴት አይሰማም?

በነጋው ታቦቱ ወጥቶ በእልልታ ገባ። ከዚያ እንደ ልማዱ ቤተ ክርስቲያኑ የማይጠቀምበት የስለት ዕቃ ለጨረታ ወጣ። ሁለት ዶሮና አንድ ምንጣፍ ተሸጠ። ገበዙ ወርቃማውን ካርቶን አነሡ።

"ይህ ከወንድማችን ከሞገስ የገባ ነው" ብለው ሪባኑን ፈቱ።

መጎናጸፊያ ወይም የተለበጠ መስቀል የጠበቀው ሕዝብ አንገቱን አሰገገ። ቢጫ ጸጉር አሻንጉሊት ወጣች። ገበዙ ቀጥ ሲያደርጓት ዓይኗን ገለጠች። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች አማተቡ። ገበዙ ግን፣ የስንት ዓመት ልምድ ያላቸው ሰው ናቸውና፣ "የባለወልድ በረከት ናት። ማን ይጀምራል?" አሉ።

ስጦታዬ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ አየሁ። እውነቴን ነው የምለው፣ ምንም አልመሰለኝም። ዓይኔ ሜዳው ላይ ነበር፤ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሲያሟሙቁ ይታዩኛል።

ጋሼ ሞገስ ከደጀ ሰላሙ በኩል ዋጋ ጠራ። ከጥዱ ሥር አባባ ጨመረ። ጋሼ ሞገስ ጨመረ። አባባ እንደገና ጨመረ። ሕዝቡ በሳቅና በእልልታ መሃል ሁለቱን ወንድማማቾች እያየ አንገቱን ወዲህና ወዲያ ያዞራል። ገበዙ "አንደኛ ጊዜ፣ ሁለተኛ ጊዜ" ሲሉ እኔ ፈራሁ፤ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን እንዲህ ቆጥሮ ሦስት ሲል ነው የሚገርፈን። አባባና ጋሼ ሞገስ የተጣሉ መሰለኝ። የሚገረፈው የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም።

ሁለቱም እኮ ለእኔ ነው የሚጫረቱት። አባባ ወንድሙ በሰው ፊት ለስሙ የሚጨምር መሰለው። ጋሼ ሞገስ ደግሞ ወንድሙ ለደብሩ ብሎ ዋጋ የሚያስወጣ መሰለው። አሥር እርምጃ ተራምዶ ሌላውን የጠየቀ የለም። በመጨረሻ ጋሼ ሞገስ የመሳፈሪያውን ጭምር ጠራ። አባባ ኪሱን ዳበሰ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

"ሙክቴን" አለ።

ሙክቱ ከክረምት ጀምሮ ጎን ለጎን አብሮን እያደረ የቀለብነው ነው። ከአርባ ቀን በላይ የጾምነው እሱን እያየን ነበር። እልልታው ቀለጠ። ገበዙ ሦስት አሉና አሻንጉሊቷን ለአባባ አስረከቡት።

ጋሼ ሞገስ ሰው እየገፋ መጣ። "ወንድም ጋሼ፣ ምን ነካህ? ለአስካል ልገዛላት እኮ ነበር።"

"እኔስ ለማን መሰለህ?"

ተያዩ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" አለችና መንገዷን ቀጠለች። ሙክቱ በገመዱ እየተጎተተ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ እኛ ወደ ቤት ስንወርድ መንገድ ላይ ተላለፍን።

የጾም ፍቺያችንን በሽሮና በእንቁላል አደረግን። ደምሴ ወጡን በእንጀራ እየቆፈረ ሥጋ ፈለገ።

"ሙክቱስ?" አለ።

"አሻንጉሊቷ በላችው" አለችው እናቴ።

ጋሼ ሞገስ አጠገቤ ተቀመጠ። "ደስ አለሽ?" አለኝ። ፊቱን ሳየው አይ ማለት አልቻልኩም። "አዎ" አልኩ። አንድ ሰው ውሸታም ከሚሆንባቸው ቀኖች አንዱ ያ ነው። እማሆይ ደግሞ መጥተው አሻንጉሊቷን ተሳለሙ። "በረከት ናት፤ መሬት እንዳታስነኪያት፣ ልጄ" ብለው አዘዙኝ። እንግዲህ መሬት የማትነካ መጫወቻ ተሰጠኝ። ወደ ማገዶው ሄድኩ። ጨርቁ ብቻውን ተጥሏል። እናቴ ሳታውቅ እንጨቴን ለሽሮው አንድዳዋለች። አላለቀስኩም፤ ከንዴቴ ብዛት እንባው ራሱ እምቢ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወጣን። ላይ አምባና ታች አምባ ገጠሙ፤ እኛ ላይ አምባዎች ነን። አባባና ጋሼ ሞገስ ነጠላቸውን አገልድመው ገቡ። ደምሴ ከልጆቹ ጋር ገባ። እኔ ድንበሩ ዳር፣ ከእማሆይ ጎን፣ ሙክታችንን የበላችውን አሻንጉሊት ታቅፌ ቆምኩ። ጨዋታው ጠና። አቧራው ተነሣ። ዱላ ከዱላ ይጋጫል፣ ቅልጥም ይመታል፣ ሰው ይስቃል። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ሩሯ ከሰው መሃል ተፈናጥራ ወጣችና እየተንከባለለች መጥታ እግሬ ሥር ቆመች።

ታች አምባዎች እየሮጡ ይመጣሉ። የእኛዎቹ ሩቅ ናቸው። የታች አምባ ድንበር በስተግራዬ ነው፤ ብዙ አይርቅም። ዱላ የለኝም።

አሻንጉሊቷን በሁለት እግሯ ያዝኳትና በሙሉ ክንዴ ሰነዘርኩ።

ቀጭ አለ። ሩሯ ወደ ግራ በረረች፤ ጭንቅላቷ ወደ ቀኝ። ሩሯ ድንበሩን አልፋ የድንጋይ ካብ መትታ ቆመች። ሯጩ ሁሉ ባለበት ቆመ። ጠዋት ጨረታው ላይ ያልነበረ ሰው አልነበረምና የተቀላው ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እማሆይ አማተቡ። አባባ ዱላውን እንደያዘ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። እጄ ላይ የቀረውን ራስ አልባ ገላዋን መደበቂያ አጣሁ።

ዳር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ማንን እንደሚናገሩ ሳያመለክቱ፣ "በገና ጨዋታ" አሉ።

"አይቆጡም ጌታ" ብሎ ሕዝቡ ባንድ አፍ ጨረሰው።

አባባ ቆመ። ዘወር ብሎ ጭንቅላቷን ከሣሩ ላይ አነሣት። ዘንበል ሲያደርጋት ዓይኗን ጨፈነች፤ ቀና ሲያደርጋት ገለጠች። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጋት።

"ሙክት የሚያህል ነገር በአንድ ምት" አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ ሜዳው ዞረ። "ለማን ወገን ነው የመታችው?"

"ለእኛ ነው፣ ወንድም ጋሼ" አለ ጋሼ ሞገስ እያለከለከ። "አግብታለች።"

አባባ እኔን አየኝ። ያን ሰሞን ሁሉ አንዴም እንዲያ አላየኝም ነበር።

"ሰው ሲናገር አይሰማም እንጂ ዱላ ሥራልኝ ብላ ነበር" አለና ዱላውን አስያዘኝ። ከቁመቴ ይረዝም ነበር። እሱ ጭንቅላቷን ኪሱ ከተተና ሄዶ እማሆይ ጎን፣ እኔ በነበርኩበት ቦታ ቆመ።